ለእያንዳንዱ ድምፅ ነጥብና የሞባይል ካርድ ልስጥ ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስና ሒሳብ የሚጠያየቁበት የአማርኛ ድረ ገጽ ከፍቼ ወደ 4,000 አባላት አሉን። ጥያቄም መልስም አይጠፋም። ድምፅ የሚሰጥ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ ጥሩውና ስሕተት ያለበት መልስ ተደባልቆ ይቀራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድምፅ 1 ነጥብ፣ 1,000 ነጥብ ላጠራቀመ ደግሞ የ50 ብር የሞባይል ካርድ ልሰጥ አስቤያለሁ። ባለፈው ሳምንት ለአባላቱ አስታውቄያለሁ፤ አንዳንዶቹ ከአሁኑ መሰብሰብ ጀምረዋል። ያዋጣል?»

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከማስተማሩ ሌላ ከኪስዎ እያወጡ ይህን ለልጆቹ ማቆምዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሳላዞር ልናገር። ካርዱን ይተዉት። ለእያንዳንዱ ድምፅ ነጥብ መስጠቱንም ይተዉት። ነጥብ ራሱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ሥራዬ የእንዲህ ያሉ ገጾችን የነጥብና የማዕረግ ሥርዓት መዘርጋትና ሲበላሽም መጠገን ነው። ግን መልስ ለጻፈ ሰው ነጥብ መስጠትና ድምፅ ለሰጠ ሰው ነጥብ መስጠት አንድ አይደሉም።

ልዩነቱ የእህልና የሚዛን ልዩነት ነው። ነጋዴ የነቀዘ ስንዴ ቢያመጣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ይታወቃል፤ ጆንያው ሞልቶ ኪሎው ይቀላል። ሚዛኑ ራሱ ከተነካ ግን የሚያጋልጥ የለም፤ ጥሩውም የነቀዘውም እኩል ይመዝናል። በእርስዎ ገጽ ላይ መልሱ እህሉ ነው፣ ድምፁ ሚዛኑ። አንድ ልጅ ነጥብ ፍለጋ የማይረባ መልስ ቢጽፍ አንባቢ ድምፅ ይነፍገዋል፣ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። ነጥብ ፍለጋ የማይረባ ድምፅ ቢሰጥስ? ድምፁን መልሶ የሚመዝን ሌላ ድምፅ የለዎትም።

እስቲ የእርስዎን ሒሳብ አብረን እንሥራው። ልጁ ሳያነብ፣ ጣቱ ብቻ እየሠራ፣ በየ2 ሴኮንዱ አንድ ድምፅ ይሰጣል እንበል። 1,000 ድምፅ 2,000 ሴኮንድ ነው፤ 34 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሌላው ልጅ ደግሞ መልሱን እየተከተለ ስሌቱን በወረቀት ሞክሮ፣ ትክክል መሆኑን አይቶ ነው ድምፅ የሚሰጠው፤ ለአንዱ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል። ለዚያው 50 ብር 83 ሰዓት መቀመጥ አለበት። ሥርዓቱ እንግዲህ ለጥንቁቁ የ83 ሰዓቱን፣ ለችኩሉ የ34 ደቂቃውን እኩል ይከፍላል። ልጆቹ ጎበዝ የሒሳብ ተማሪዎች ናቸውና ይህን ስሌት እኔ ሳልነግራቸው ይሠሩታል። ሁለተኛና ሦስተኛ አካውንት መክፈት ምንም እንደማያስወጣም ያውቃሉ። በዚያ ላይ በ2024 እንደ ኖትኮይንና ሐምስተር ኮምባት ያሉ የቴሌግራም ጨዋታዎች መጥተው ስንቱ ወጣታችን ስክሪን ሲነካካ እንደከረመ ያስታውሱ፤ ነጥብ በጣት እንደሚለቀም ያኔ ተለምዷል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ በግምት የቀረ አይደለም፤ በትልቁ ተሞክሯል። በ2016 ስቲሚት የሚባል ገጽ ተከፈተ። ለጻፈ ብቻ ሳይሆን ለጽሑፉ ድምፅ ለሰጠም በክሪፕቶ ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ አንድ ጽሑፍ ካስገኘው 75 በመቶው ለጸሐፊው፣ 25 በመቶው ድምፅ ለሰጡት። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ጥሩ ጽሑፍ ፈልጎ የሚያወጣ አንባቢም ደክሟልና ድካሙ ይታሰብለት የሚል። ድምፅ እንዲሁ እንዳይበተንም ገደብ ነበረው፤ አንድ ሙሉ ድምፅ ከሰጪው አቅም 2 በመቶ ይቀንሳል፣ አቅሙ በቀን 20 በመቶ ብቻ ያገግማል፤ ስለዚህ በቀን ከ10 ያህል ሙሉ ድምፅ በላይ አያዛልቅም። ቀድሞ ድምፅ የሰጠና በኋላ ብዙዎች የተከተሉት ሰው ደግሞ ድርሻው ከፍ ይላል።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ማን ሲጽፍ ብዙ ድምፅ እንደሚያገኝ ከታወቀ ጽሑፉን ማንበብ ለምን ያስፈልጋል? ሰዉ ጽሑፍ ማንበብ ትቶ ስም መከታተል ጀመረ። ከዚያ ሥራውን ለቦት፣ ማለትም በራሱ ለሚሠራ ፕሮግራም አስረከበው፤ የታወቁ ጸሐፊዎች ዝርዝር ይሰጠዋል፣ ጽሑፍ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ድምፁን ያስቀምጣል። ቀጥሎ ድምፅ የሚሸጡ ቦቶች መጡ፤ የከፈለ ጽሑፉ ከላይ ይወጣለታል። ለራስ ጽሑፍ ድምፅ መስጠትም የተለመደ ሆነ። በ2019 የድምፅ ሰጪዎቹን ድርሻ ወደ 50 በመቶ አሳደጉት፤ የተቃውሞ ድምፅም ያለ ኪሳራ የሚሰጥበት መንገድ ተከፈተ። ድምፅን ከመሸጥ ይልቅ በቅንነት መስጠት እንዲያዋጣ ነበር ልፋቱ። ገደብ እያለው፣ እውቀት ያላቸው ሰዎች እየጠበቁት እንዲህ የሆነ ነገር በአንድ መምህር የትርፍ ጊዜ ጥበቃ ይዳናል ብዬ አላምንም።

እኔም ራሴ ሠርቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ የሙያ ማኅበረሰብ ገጽ ጋር ስሠራ ለድምፅ ነጥብ ይሰጥ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ብር አልነበረበትም፤ ከስም አጠገብ የሚታይ ቁጥር ብቻ። ድምፁ በቶሎ በረከተ፤ ሁላችንም ደስ አለን። መዝገቡን ቁጭ ብዬ ሳየው ነው ያዘንኩት። ሦስት ገጽ ለሚሞላ መልስ ገጹ በተከፈተ በ3 ሴኮንድ ድምፅ ተሰጥቶታል፤ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳይዘለል። አብዝቶ ያደረገውን ወጣት ጠየቅኩት። ምንም አልደበቀም፤ «ድምፅ ስጡ አላችሁን፣ ሰጠን» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኛ የጠየቅነው ፍርዱን ሳይሆን ጠቅታውን ነው፤ የጠየቅነውን ሰጠን። ልጆችዎን አጭበርባሪ ሆነው ሳያዩ በፊት ይህን ያስቡልኝ፤ ሥርዓቱ ምን እንደሚፈልግ ነው የሚሰሙት።

አሁን የፕሮግራመሮቹን ስታክ ኦቨርፍሎው እንይ። ጄፍ አትዉድና ጆኤል ስፖልስኪ በ2008 ያቆሙት የጥያቄና መልስ ገጽ ነው፤ ለእርስዎ ከሌሎቹ ሁሉ የሚቀርበውም እሱ ነው። መልሱ አንድ የድጋፍ ድምፅ ያገኘ ሰው 10 ነጥብ ያገኛል። ጠያቂው መልሱን ከተቀበለው መላሹ 15፣ ጠያቂውም ስለተቀበለ 2 ነጥብ ይታሰብለታል። ድምፅ ለሰጠ ግን ምንም የለም። እንዲያውም በአንድ መልስ ላይ የተቃውሞ ድምፅ ሲሰጡ ጸሐፊው 2 ነጥብ ሲያጣ፣ ሰጪውም ከራሱ 1 ነጥብ ይቀነስበታል። ይህቺን 1 ነጥብ እወዳታለሁ። ብዙ አትጎዳም፤ ግን ሰው በንዴት ከመጫኑ በፊት አንዴ እንዲያስብ ታደርጋለች። ከድምፅ የሚገኘው ነጥብም በቀን ከ200 አያልፍም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ መሰብሰብ ከንቱ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ድምፅ መስጠትን ራሱን ሽልማት ማድረጋቸው ነው። ለረጅም ጊዜ በሠራበት ደንብ የድጋፍ ድምፅ ለመስጠት 15 ነጥብ፣ የተቃውሞ ድምፅ ለመስጠት 125 ነጥብ ያስፈልጋል። 2,000 የደረሰ የሌላውን ጽሑፍ ያለ ፈቃድ ያርማል፤ 3,000 የደረሰ ደካማ ጥያቄ እንዲዘጋ ድምፅ ይሰጣል። ነጥቡ ካርድ አይገዛም፤ አደራ ይገዛል። እርስዎ «ድምፅ ስጥ፣ ነጥብ ውሰድ» ያሉትን እነሱ ገልብጠው «ነጥብ አግኝ፣ ድምፅ የመስጠት መብት ውሰድ» ብለውታል። ሰው የተሰጠውን መብት ከተለመነው ግዴታ አብልጦ ያከብራል፤ ይህን በየቀበሌው ዕድር ዳኝነትም እናውቀዋለን።

ድምፅ ሰጪዎቹንም ጭራሽ አልረሷቸውም። ለመጀመሪያው የድጋፍ ድምፅ አንድ ባጅ (የክብር ምልክት)፣ 300 ድምፅ ለሞላ ሌላ ባጅ፣ በአንድ ቀን የተፈቀደውን 40 ድምፅ ለጨረሰም ሌላ። እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ማምረቻ አይሆንም። በ2013 የስታንፎርድና የኮርኔል ተመራማሪዎች እነዚህን ባጆች አጥንተው ነበር። ሰው ወደ ባጁ ሲቃረብ ባጁ የሚፈልገውን ሥራ ያበዛል፤ ባጁን ካገኘ በኋላ ደግሞ ሥራው ይወርዳል። ስለዚህ ባጅ ለማስጀመር ይረዳል፣ ለማዝለቅ አይደለም። የመጀመሪያ ድምፁን ለሰጠ ልጅ ትንሽ ምስጋና ቢያሳዩት በደስታ እደግፋለሁ። በቀን 40 ለጨረሰ የሚባለውን ግን ለተማሪዎች አልመክርም፤ የሚያስተምረው መቸኮልን ነው።

ስለ ተሳትፎ በጠቅላላው አንድ ነገር ልጨምር። ዕድር ላይ ስም ይጠራል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። መገኘት ይቆጠራል ማለት ነው። ለእንባ ግን የሚከፍል ዕድር የለም። አልቃሽ ተቀጥሮ የሚመጣበት ለቅሶ ድምፁ ብዙ ነው፤ ሟቹ ምን ያህል ይወደድ እንደነበር ግን ከዚያ ድምፅ አይታወቅም። የመስመር ላይ ማኅበረሰብም እንዲሁ ነው፤ መገኘትን ይቁጠሩ፣ ስሜትንና ፍርድን አይግዙ። ዲስኮርስ የተባለው የመወያያ ሶፍትዌር ይህን በደንብ ይዞታል። አዲስ አባል ወደ ሁለተኛው የመታመን ደረጃ ለመድረስ በ15 የተለያዩ ቀናት መምጣት፣ 100 ጽሑፍ ማንበብ፣ በድምሩ 60 ደቂቃ በማንበብ ማሳለፍ፣ በጥቂት ውይይቶች መሳተፍ አለበት፤ ከሰጣቸው ላይኮች የሚፈለገው ግን አንድ ብቻ ነው። ማንበብ ተሳትፎ ሆኖ ተቆጠረ! ዝምተኛ አንባቢ በሚበዛበት በእኛ አገር ይህ ትልቅ ፍትሕ ነው ብዬ አስባለሁ።

መልስ ለመጻፍ ነጥብ መስጠቱም ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቻትጂፒቲ በወጣ በቀናት ውስጥ፣ በታኅሣሥ 2022፣ ስታክ ኦቨርፍሎው በእሱ የተጻፉ መልሶችን ከልክሏል፤ ትክክል መስለው ስሕተት የሆኑ መልሶች በገፍ ገብተውበት ነበር። ስለዚህ መልስ ስለጻፈ ብቻ ነጥብ አይስጡ፤ ጠያቂው ከተቀበለው በኋላ ይስጡ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ልጆችዎ ለምን ድምፅ አይሰጡም? ስንፍና ነው ብዬ አልጀምርም። በአማርኛ ገጾች ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፦ ሰዉ ቁልፉን አይጫንም፤ ከሥሩ ግን «ተባረክ»፣ «እናመሰግናለን መምህር»፣ «አሁን ገባኝ» ብሎ ይጽፋል። ፍርዱ አለ፤ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። እኛ ዘንድ ምስጋና በቃል ነው፤ አውራ ጣት መጫን ለሥራው ያነሰ ይመስላል። የተቃውሞ ድምፅ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። መልሱን የጻፈው መምህር ወይም የታወቀ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ፣ የ17 ዓመት ልጅ ስሕተቱን ቢያየውም ወደ ታች የምታሳየውን ቀስት አይነካም። ይሉኝታ ነው፤ ታላቅን ማዋረድ ይመስለዋል። ይህን ይሉኝታ በ50 ብር አያሸንፉትም። ቢያሸንፉትም ልጁ ምን እንደተማረ ያስቡ።

ስለዚህ ቁልፉን ይለውጡት። በአውራ ጣቱ ፋንታ «ገባኝ» የሚል ይጻፉበት። ወደ ታች በምታሳየው ቀስት ፋንታ «ይህ እርምጃ አልገባኝም» የሚል ያድርጉ፤ ሲጫነው የትኛው መስመር እንደሆነ እንዲያመለክት ያስችሉት። ልጁ መምህሩን አልተቃወመም፤ ጥያቄ ነው የጠየቀው። ለእርስዎ ግን አንድ መልስ ላይ ስድስት ልጅ አራተኛውን መስመር ካመለከተ እዚያ ችግር አለ ማለት ነው፤ ከተቃውሞ ድምፅ የበለጠ ይነግርዎታል። ማን እንደተጫነ ደግሞ ለማንም አይታይ። ቁልፉንም ከመልሱ ግርጌ ያኑሩት፤ አንብቦ የጨረሰ ብቻ እንዲደርስበት።

ሁለተኛው፣ ጠያቂውን ይያዙት። መልሱ ረድቶ እንደሆነ ከጠያቂው የበለጠ የሚያውቅ የለም። መልስ በተሰጠው ማግስት «ትናንት የጠየቅኸው ገባህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ይላኩለት። በእኔ ልምድ በትንሽ ገጽ ላይ ከዚህች መልእክት የበለጠ ውጤት ያመጣ የነጥብ ሥርዓት አላየሁም። ምንም አያስወጣም።

ድምፅ በዝቶ ካላየሁ አልረካም ካሉኝም፣ ምናልባት የጎደለው ድምፅ ሳይሆን የአቀማመጡ ስሌት ይሆናል። ብዙ ገጾች መልሶችን በአማካይ ወይም በድጋፍ ሲቀነስ ተቃውሞ ይደረድራሉ። በአማካይ ሲደረደር 1 ድምፅ አግኝቶ 1ዱም ድጋፍ የሆነ መልስ «100 በመቶ» ይባልና ከ100 ድምፅ 90 ድጋፍ ካገኘው በላይ ይቀመጣል። ኤድዊን ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1927 ያወጣው ቀመር ይህን ያቃናል፤ ያለው ማስረጃ ምን ያህል እንደሆነ አብሮ አስቦ ዝቅተኛውን አስተማማኝ ግምት ይሰጣል። በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲሰላ 1 ከ1 ያገኘው 0.21፣ 5 ከ5 ያገኘው 0.57፣ 9 ከ10 ያገኘው 0.60፣ 90 ከ100 ያገኘው 0.83 ይሆናል። የመወያያ ገጹ ሬዲት በ2009 አስተያየቶችን «ምርጥ» ብሎ መደርደር የጀመረው በዚሁ ነው። ከአምስት እስከ አሥር ድምፅ ለአንድ የፊዚክስ መልስ በቂ ነው፤ ሺህ አያስፈልግዎትም። ለሒሳብ መምህር ቀመሩን መተንተን አይገባኝም፤ ለተማሪዎችዎ ግን ጥሩ የክፍል ሥራ ይሆናል።

የድምፁን ቁጥር ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይደብቁት። ሌቭ ሙችኒክ፣ ሲናን አራልና ሾን ቴይለር በ2013 ባሳተሙት ሙከራ፣ በአንድ የዜና ማጋሪያ ገጽ ላይ አንዳንድ አስተያየቶች ገና ሲወጡ አንድ የድጋፍ ድምፅ በዘፈቀደ ተሰጣቸው። ቀጥሎ ያያቸው ሰው ድጋፍ የመስጠቱ ዕድል በ32 በመቶ ጨመረ፤ የመጨረሻው ውጤትም በአማካይ 25 በመቶ ከፍ አለ። አንድ ድምፅ ብቻ! ለድምፅ ከከፈሉ ደግሞ ያቺን የመጀመሪያዋን ድምፅ የሚያስቀምጠው ሳያነብ የሚሮጠው ልጅ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሚዛን ያዦቹን ማክበር ከፈለጉ፣ እኔም እንዲያከብሯቸው እፈልጋለሁ፤ የሚሸለመው ግን የድምፁ ብዛት ሳይሆን የፍርዱ ትክክለኛነት ይሁን። እዚህ ላይ ከስቲሚትም ከሬዲትም የተሻለ ዕድል አለዎት፤ የእርስዎ ጉዳይ ፊዚክስና ሒሳብ ነው፣ መልሱ ወይ ልክ ነው ወይ አይደለም።

ስላሽዶት የተባለው የድሮ የቴክኖሎጂ ገጽ ድምፅ የመስጠት ሥልጣንን ለሁሉም አልበተነም። ሶፍትዌሩ ከመደበኛ አንባቢዎች መካከል በዕጣ ይመርጥና ለእያንዳንዱ ለ5 ፍርድ የሚሆን 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ በ3 ቀን ካልተጠቀመበት ይቃጠላል። በአንድ ውይይት ላይ ወይ ይፈርዳል ወይ ይጽፋል፤ ሁለቱንም አይችልም። ከ1999 ጀምሮ ደግሞ ሌሎች አንባቢዎች «ይህ ፍርድ ፍትሐዊ ነበር?» ተብለው ፈራጁን ይመዝኑት ነበር። የአባሉን ነጥብም በኋላ ቁጥር ማሳየት ትተው «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» በሚል ቃል ተኩት፤ ሰዉ ቁጥሩን እንደ ጨዋታ ውጤት ያሳድደው ስለነበር። በቅርቡ ደግሞ፣ በ2021 ትዊተር በርድዋች ብሎ በሙከራ የጀመረውና ዛሬ ኮሚዩኒቲ ኖትስ የሚባለው፣ አባላት አሳሳች ጽሑፍ ላይ ማስታወሻ የሚያያይዙበት ሥርዓት አለ። አዲስ ገቢ ማስታወሻ ከመጻፉ በፊት የሌሎችን ማስታወሻ መመዘን አለበት፤ ማስታወሻው ገና ሳይወሰን የሰጠው ፍርድ በኋላ ከተደረሰበት ውሳኔ ጋር ሲገጥም ነጥቡ ይጨምራል፣ ሲጋጭ ይቀንሳል። 5 ሲደርስ የመጻፍ ፈቃድ ያገኛል። ድምፅ በማብዛት የሚገኝ ነገር የለም፤ ቆም ብሎ በመፍረድ ነው።

እነዚህን አጣምሬ ለእርስዎ የምለው ይህ ነው። በየሳምንቱ 20 አባላት በዕጣ ይውጡ፤ «የሳምንቱ ፈታሾች» ይበሏቸው። ለእያንዳንዳቸው 5 መልስ፣ 3 ቀን። ከአምስቱ አንዱን እርስዎ ራስዎ ያዘጋጁት፤ ከቀደሙ ዓመታት ብሔራዊ ፈተና ጥያቄ ወስደው በደንብ ይሥሩትና አንድ ምልክት ወይም አንድ አሃድ ያበላሹበት። ስታክ ኦቨርፍሎውም ጽሑፍ እንዲፈትሹ በተሰለፉት አባላት መካከል መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ጽሑፎችን እያስገባ ሳያይ የሚያሳልፈውን ይለያል። ስሕተቱን ያገኘ ልጅ ነጥብ ያግኝ። ሦስት ጊዜ የተሳካለት «ፈታሽ» የሚል ስም ከስሙ ጎን ይጻፍለት፣ መልስን «ተረጋግጧል» ብሎ የማተም መብትም ይሰጠው። በዚህ ውስጥ ልጁ የሚያገኘው ትልቁ ነገር ነጥቡ አይደለም፤ የሌላ ሰው ስሌት ውስጥ የተደበቀ ስሕተት መፈለግ ለፈተናው ከማንኛውም ዝግጅት አያንስም።

ለካርዱ ያሰቡትን ገንዘብ ሌላ ቦታ ያውሉት፤ ምስጋናውን ግን አያሳንሱት። በ2012 በታተመ ጥናት ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከፍተኛ ተሳታፊ ከሆኑ 200 ሰዎች መካከል ለግማሾቹ በዘፈቀደ የምስጋና ኮከብ ላኩ። ምንም ዋጋ የሌለው የኮከብ ሥዕል ነው። በቀጣዮቹ ሦስት ወራት የተሸለሙት ሥራቸው ካልተሸለሙት በ60 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከመምህሩ የመጣ «ባለፈው ሳምንት በሞመንተም ጥያቄው ላይ ያየኸውን ስሕተት እኔም አልፌው ነበር» የሚል አንድ መስመር ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ከ50 ብር ካርድ እንደሚበልጥ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

በሁለት ወር ሞክሬው ካልሆነ እተወዋለሁ ብለው ካሰቡ ደግሞ በእስራኤል የሐይፋ ከተማን መዋዕለ ሕፃናት ያስታውሱ። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ በ10 መዋዕለ ሕፃናት ያደረጉትን ጥናት በ2000 አሳተሙ። ልጃቸውን ለመውሰድ የሚያረፍዱ ወላጆች ላይ በከፊሎቹ መዋዕለ ሕፃናት መቀጫ ተጣለ። የሚያረፍደው እጥፍ ያህል ሆነ፤ እስከዚያ መምህርቷን ላለማስቸገር ይቸኩል የነበረ ወላጅ አሁን የሚከፈልበት አገልግሎት አደረገው። መቀጫው ሲነሣም ወላጆቹ ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። ዋጋ አንዴ የወጣለት ነገር ዋጋው ሲነሣ ነፃ ስጦታ ሆኖ አይመለስም። ዛሬ በፈቃዳቸው ድምፅ የሚሰጡ ጥቂት ልጆች አሉዎት፤ እነሱን ነው የሚያጡት።

የቀረው የሰጡት ቃል ነው፤ እሱን አያጥፉ። ዛሬ የመዝጊያ ቀን ያስታውቁ፤ ከሦስት ቀን በላይ አያርቁት። እስከዚያ ቀን የሰበሰቡትን ሁሉ እንደየድርሻው ይክፈሏቸው፤ 1,000 ያልሞላም አይቅር፣ 300 ነጥብ ላለው 15 ብር፣ 600 ላለው 30 ብር። አንብበህ ነው ወይ ብለው ማንንም አይጠይቁ፤ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ እነሱ አመኑዎት። ለምን እንደቀየሩትም ከላይ ያለውን የ34 ደቂቃና የ83 ሰዓት ስሌት ጽፈው ያሳዩአቸው፤ ይገባቸዋል። ካስታወቁበት ዕለት እስከ መዝጊያው ቀን የተሰጡትን ድምፆች በሙሉ ግን ከመልሶቹ የደረጃ ስሌት ያውጧቸው፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ፈታሾች ዕጣ በማግስቱ ያውጡ።